የእሽቅድምድም ወንበር ልግጠም ወይስ ይቅርብኝ?

*ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ብዙ አመነታሁ። ሰው ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ሥራ ይጽፍልዎታል፤ እኔ ስለ መኪና ወንበር ልጠይቅዎ ነው። ነገሩ ቤቴ ድረስ ስለገባ ግን ጻፍኩ።*

*36 ዓመቴ ነው። የምኖረው ጅማ ነው፤ የምሠራው ቡና ንግድ ላይ ነው። አባቴ ቀድሞ ስላረፈ ታናናሾቼን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻዋ እህቴ ከተመረቀች በኋላ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ብዬ አንድ ነገር ገዛሁ። ቶዮታ ሴሊካ፣ የ2003 ሞዴል፣ ባለ ሁለት በር፣ ማርሹ ማንዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው መኪና ነው። ሰው "በዚህ ብር ፒክአፕ አትገዛም ነበር?" ይለኛል። እኔ ግን ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳ ደስ ይለኛል።*

*አሁን ዱባይ ያለ ጓደኛዬ ከራሱ መኪና ላይ ያወጣቸውን ሁለት ባኬት ወንበሮች በጥሩ ዋጋ ሊሰጠኝ ነው። የእሽቅድምድም ናቸው። መደገፊያቸው አይተኛም፣ ጎናቸው ከፍ ያለ ነው፣ በጣም ቀላል ናቸው። ኮንቴይነር ሊልክ ስለሆነ ቶሎ ወስን ይለኛል። በፎቶ ሳያቸው ልቤ ሸፈተ። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ወገቤን ያመኛል። ጓደኛዬ "የአንተው የሽማግሌ ወንበር ነው፤ ይሄ ግን ቀጥ አድርጎ ይይዝሃል፣ ወገብህም ይድናል" ይለኛል።*

*ባለቤቴ አልተስማማችም። እኔ በድርጅቱ ፒክአፕ ወደ አጋሮ ስወጣ ሴሊካዋን የምትነዳው እሷ ነች። ልጆቻችን 7 እና 4 ዓመታቸው ነው፤ ከኋላ ይቀመጣሉ። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምንወስዳት በዚህችው መኪና ነው። ባለቤቴ "ከእኛ ይልቅ ለወንበሩ ታስባለህ" አለችኝ። እኔም ተናድጄ "አንድ ነገር እንኳ የራሴ እንዳይሆን ነው የምትፈልጊው" አልኳት። ከዚያ ወዲህ በደንብ አናወራም። የቱ ወንበር ይሻለኛል? ወይስ ጥያቄዬ ራሱ ልክ አይደለም?*

*ሰ. ነኝ፣ ከጅማ*

ውድ ወንድሜ ሰ.፣

ጥያቄህ ልክ ነው፤ ምንም አትፈር። ሰው በየቀኑ የሚቀመጥበት ነገር፣ ልጆቹን የሚጭንበት ነገር ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ደብዳቤህን ሳነብ "ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ብዬ" ያልካት ቦታ ላይ ቆምኩ። ገና በልጅነትህ የቤት ኃላፊነት ጫንቃህ ላይ ወደቀ። ወንድሞችህንና እህቶችህን አስተማርክ። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንዲት መኪና ገዛህ። ስለዚህ ባለቤትህ "ይህ ወንበር አይሆንም" ስትል አንተ የሰማኸው ሌላ ነገር ይመስለኛል። "ለአንተ የሚገባህ ነገር የለም" ያለችህ መስሎህ ይሆን? ይህን አንተ ነህ የምታውቀው። እሷ ግን ታውቀዋለች? መኪናው ለአንተ ምን እንደሆነ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስትጠብቀው እንደኖርክ ቁጭ ብለህ ነግረሃት ታውቃለህ? ብዙ ወንዶች እንዲህ ያለውን ነገር ለሚስታቸው አይናገሩም፤ ታውቀዋለች ብለው ያልፉታል።

ከእሷ በኩልም ላየው ሞከርኩ። "አንድ ነገር እንኳ የራሴ እንዳይሆን" ስትላት እሷና ልጆቹ የተጫኑብህ ዕዳ እንደሆኑ ተሰምቷት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ማለትህ እንዳልሆነ እኔ ይገባኛል። ለእሷ ግን ከአንተ አፍ መስማት ያስፈልጋታል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወንበሩን እንይ፤ ምኞትህ ውስጥ እውነት የሆነ ነገር አለና።

ባኬት ወንበር የተሠራው ለውድድር ነው። በውድድር ሜዳ ላይ መኪናው ኩርባ ውስጥ ሲገባ ሹፌሩን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የራሱን ክብደት ያህል ሊደርስ ይችላል። ወንበሩ ካልያዘው በጉልበቱና በመሪው ተንጠልጥሎ ራሱን ሊይዝ ይታገላል። እንደዚያ ሆኖ ደግሞ መኪና በትክክል መምራት አይቻልም። ስለዚህ ወንበሩ ዳሌውንና ትከሻውን ጨምቆ ይይዝለታል፤ እጁና እግሩ ለሥራ ነጻ ይሆናሉ። የጅማን በርጩማ አስበው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ መገጣጠሚያ የሌለው ነው። መደገፊያው የማይተኛው ባኬት ወንበርም እንደዚያው አንድ ወጥ ቅርፊት ነው፤ ከፋይበርግላስ ወይም ከካርቦን ይሠራል። ጥንካሬውም ቅለቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። የማይስተካከለውም በዚያው ምክንያት ነው።

ደስታውን አልክድብህም። እንዲህ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መኪናው ምን እያደረገ እንደሆነ በዳሌው ይሰማዋል። ዝቅ ብለህ ትቀመጣለህ፤ ከመኪናው ጋር አንድ ትሆናለህ። ይህን መመኘት የልጅነት ነገር አይደለም።

የቅለቱ ነገር ግን ለአንተ ብዙም አያዋጣም። ከፋብሪካ የሚመጣ ወንበር ከ15 እስከ 30 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ጥሩ ባኬት ከ10 ኪሎ በታች ሊወርድ ይችላል። ሁለቱንም ብትቀይር ምናልባት 20 ኪሎ ታተርፍ ይሆናል። ሴሊካህ ደግሞ 1100 ኪሎ አካባቢ ነች። ሁለቱ ልጆችህ ብቻቸውን ከዚያ ትርፍ ይበልጣሉ። ሰዓት ቆጥሮ ለሚወዳደር ሰው እያንዳንዱ ኪሎ ትርጉም አለው። ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ በኮብልስቶን ለሚመላለስ ሰው የለውም።

ኮብልስቶንን ካነሳን የአሁኑ ወንበርህ ውስጥ ያለውን ስፖንጅ አትናቀው። ከጎማና የመንገዱን ምት ከሚያበርደው ከአሞርዛተር ያመለጠውን ንዝረት የሚያስቀረው እሱ ነው። የውድድር ወንበር ስፖንጁ ስስ ነው፤ ጉድጓዱን ሳይቀንስ ለአከርካሪህ ያደርሰዋል። ለስላሳ የውድድር ሜዳ ላይ ይህ ጥቅም ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ የጅማን መንገድ ሲቦረቡረው ግን ቅጣት ይሆንብሃል።

የጀርመኑን የስፖርት መኪና አምራች ፖርሽን ተመልከት። 911 ጂቲ3 የሚባለው መኪናቸው ለውድድር ሜዳ በጣም የቀረበ ነው። እሱን የሚያዝ ሰው እንኳ ከካርቦን የተሠራውን ባኬት ወይም በ18 አቅጣጫ በሞተር የሚስተካከለውን ምቹ የስፖርት ወንበር ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት አዲሱ ጂቲ3 ደግሞ መደገፊያው ወደፊት የሚታጠፍ ባኬት አመጡ። "ቱሪንግ" በሚባለው ዓይነት ላይ የኋላ ወንበር ማዘዝም ተቻለ፤ በጂቲ3 ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ከኋላ ሰው ካለ መደገፊያው መታጠፍ እንዳለበት ገብቷቸዋል።

አንተም ዘንድ ከኋላ ሰው አለ። ለእኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ጋ ነው፤ በደብዳቤህ ግን አላነሳኸውም። ሴሊካህ ባለ ሁለት በር ነች። ልጆችህ ወደ ኋላ የሚገቡት የፊቱ ወንበር መደገፊያ ወደፊት ሲታጠፍላቸው ነው። ጓደኛህ የሚልክልህ ወንበር አይታጠፍም። ሁለቱንም ከገጠምክ የ4 ዓመቱን ልጅ በየቀኑ በወንበሩ ላይ አንስታ የምታሻግረው ባለቤትህ ነች። ሲያስገቡት አስቸጋሪ ከሆነ በድንገት ማውጣት ሲያስፈልግስ? መኪናው ቢጋጭ፣ ጭስ ቢወጣ፣ በሌሊት ዝናብ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ብትቆሙ? ላስፈራህ ፈልጌ አይደለም። አባት ስለሆንክ ይህን አንድ ጊዜ ራስህ መኪናው ጋ ሄደህ፣ የፊቱ ወንበር እንደማይታጠፍ ቆጥረህ፣ ትንሹን ልጅ ለማውጣት ሞክረህ እየው።

እናትህም አሉ። የእነዚህ ወንበሮች ጎን ጭን ጋ ከፍ ይላል። ለመቀመጥ መጀመሪያ ከፍታውን መሻገር፣ ከዚያ ወደ ጥልቁ መውረድ ነው። ጉልበት የሚያማት እናት በቀሚስ ይህን እንዴት ትወጣዋለች? ስትወርድ ደግሞ የባሰ ነው።

የቀበቶው ነገር በደንብ እንዲገባህ እፈልጋለሁ። ብዙ መኪና ላይ የቀበቶው ዘለበት የሚታሰረው ወንበሩ እግር ላይ ነው። ወንበሩ ሲወጣ ዘለበቱም አብሮ ይወጣል፤ አዲሱ ወንበር በትክክለኛው ቦታ ማሰሪያ ከሌለው ቀበቶው ዳሌህ ላይ ሳይሆን ሆድህ ላይ ይውላል። ግጭት ላይ ይህ የውስጥ አካል ይጎዳል። የአሁኑን ወንበርህን ውጫዊ ጎን ደግሞ ተመልከት። ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለበት የጎን ኤርባግ ውስጡ አለ ማለት ነው፤ ወንበሩን ስታወጣው እሱንም ታጣለህ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሽቦ ወይም ቢጫ መሰኪያ ካየህ የኤርባግና የቀበቶ ማጥበቂያ መስመር ነው፤ ኤሌክትሪክ በደንብ የማያውቅ ሰው አይንካው።

ጓደኛህ ምናልባት "ባለ አራት ማሰሪያ ቀበቶም እልክልሃለሁ" ይልህ ይሆናል። ተጠንቀቅ። በውድድር መኪና ውስጥ ወንበሩ፣ ያ ቀበቶ፣ የራስ ቁሩና ጣሪያውን የሚደግፈው የብረት ቀፎ አብረው ነው የሚሠሩት። ቀፎው በሌለበት መኪና ሲገለበጥና ጣሪያው ሲወርድ፣ በባለ አራቱ ማሰሪያ የታሰረ ሰው ጎንበስ ማለት አይችልም። በእግሮች መሀል የሚያልፍ ማሰሪያ ስለሌለውም ከፊት ሲጋጩ ሰውነት ከሥር ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። ለመንገድ የፋብሪካው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ይሻልሃል።

ወንበሮቹ ያገለገሉ መሆናቸውም ያሳስበኛል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ምልክት ያለበት ወንበር የተሠራበት ዓመት ይጻፍበታል። በጣም በተለመደው ደረጃ የተሠራ ወንበር ለውድድር የሚፈቀደው ለ5 ዓመት ነው። የፋይበርግላስ ስንጥቅ በጨርቅ ተሸፍኖ አይታይም። የታዋቂ ብራንድ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ወንበርም ገበያው ላይ ሞልቷል። ጓደኛህን አልጠረጥረውም፤ እሱም ተታሎ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ባኬት እንደ ጫማ በልክ ነው የሚገዛው። የእሱ ዳሌና ትከሻ የአንተን ያህል ነው? የባለቤትህንስ? እሷ ስትነዳ መደገፊያውን ማስተካከል አትችልም፤ ማድረግ የምትችለው ቢበዛ ወደፊት መሳብ ነው።

አሁን ወደ ወገብህ። ያዘንኩት ለእሱ ነው፤ ወንበር ቀይረህ ሕመሙ ባይሄድ ሁለት ጊዜ ትከፋለህ። ጓደኛህ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ጥሩ ቅርጽ ያለው ጠንከር ያለ ወንበር ከተሰመጠበት አሮጌ ስፖንጅ ለወገብ ይሻላል። የማይተኛ መደገፊያ ግን ለወገብህ ቅስት ከተስማማ ብቻ ነው የሚረዳህ፤ ካልተስማማ የምታስተካክልበት መንገድ የለህም። ከጅማ አዲስ አበባ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰኮሩ ወርደህ፣ የጊቤን ሸለቆ ተጠማዝዘህ ወጥተህ፣ ወልቂጤ እስክትደርስ በአንድ አቀማመጥ መቆየት ማንንም ያደክማል። ሰውነት በየመሀሉ ትንሽ መንቀሳቀስ ይፈልጋል።

አሁን ያለው ወንበር ላይ ነገ ጠዋት ይህን ሞክር። ዳሌህን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አስጠጋ። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ እንደታጠፈ ይቅር። መደገፊያውን ቀጥ ከማለት ትንሽ ብቻ ወደ ኋላ አድርገው። ትከሻህ መደገፊያውን ሳይለቅ የእጅህ አንጓ የመሪው አናት ላይ መድረስ አለበት። የራስ መደገፊያው ከፍታ ከራስህ አናት ጋር እኩል ይሁን። ወገብህ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ላይ የተጠቀለለች ትንሽ ፎጣ አድርግ። ሞባይልና ቦርሳህን ከኋላ ኪስህ አውጣ። ብዙ ሹፌር ዳሌው ሥር ወፍራም ቦርሳ ይዞ 6 ሰዓት ይነዳል፤ ከዚያ ወንበሩን ያማል። ወልቂጤ ላይ ደግሞ የግድ ቁም፤ ምሳ ባትበላም ውረድና ተራመድ። ሕመሙ ወደ እግርህ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም እግርህን የሚያደነዝዝህ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ትተህ ሐኪም ይይህ።

ታዲያ ምኞትህን ቅበረው ማለቴ ነው? በፍጹም አይደለም። በሁለቱ መሀል ጥሩ ቦታ አለ። ሪካሮን የመሳሰሉ አምራቾች እንደ "ፖል ፖዚሽን" ካሉ ቋሚ ባኬቶች ሌላ እንደ "ስፖርትስተር" ያሉ መደገፊያቸው የሚተኛና የሚታጠፍ የስፖርት ወንበሮችም ይሠራሉ። ጎናቸው ይይዝሃል፣ ዝቅ ብለህ ትቀመጣለህ፣ ልጆቹም ይገባሉ። ዋጋቸው ይከብዳል፤ ደግሞ ለሴሊካ የሚሆን የራሱ ማሰሪያ ብረት ያስፈልጋቸዋል። ሌላው መንገድ የአሁኑን ወንበርህን የመኪና ወንበር ለሚሰፋ ባለሙያ መስጠት ነው። የተሰመጠውን ስፖንጅ ይቀይርልሃል፣ የጎኑን ድጋፍ ጠንከርና ከፍ ያደርግልሃል፣ አንተ በመረጥከው ጨርቅ ያለብስልሃል። የጎን ኤርባግ ካለ ግን በዚያ በኩል ያለው ስፌት መሸፈን የለበትም፤ ይህን አስቀድመህ ንገረው። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር። ወጪው ትንሽ ነው፤ ዘለበቱ፣ ሽቦው፣ ማጠፊያው ሁሉ በቦታው ይቆያል።

የሾፌሩን ብቻ ባኬት አድርጎ የተሳፋሪውን መተው የሚባልም አለ። አስቤበታለሁ። ልጆቹ በአንድ በር ሊገቡ ይችላሉ፣ እናትህም አይቸገሩም። ባለቤትህ ግን ትነዳለች፤ የቀበቶው ጥያቄም አልተፈታም። ከእሷ ጋር ተስማምታችሁ፣ በእሷም ልክ የሚሆን አግኝታችሁ ካልሆነ አልመክርህም።

እንግዲህ ወደ ቤትህ። ስለ ወንበሩ ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ መኪናው ተነጋገሩ። ልጆቹን ለእናትህ ተዉላቸውና አንድ ማለዳ ሁለታችሁ ብቻ ወደ ጅሬን ውጡ። ቁልፉን ለእሷ ስጣት፤ አንተ ከጎን ተቀመጥ። ከላይ ስትደርሱ፣ ከተማው ከታች ሲታይ፣ መኪናዋን የገዛህበትን ቀን ምን እንደተሰማህ ንገራት። "የራሴ እንዳይሆን" ያልካትን ነገር አንሣና "አንቺንና ልጆቹን ማለቴ አልነበረም" በላት። ከዚያ ጠይቃት። ስትነዳ ምን ያስቸግራታል? ወንበሩ ይመቻታል? ምን ቢቀየር ደስ ይላታል? መልሷን ሳታቋርጥ ስማ። ምናልባት እሷም ለራሷ ብላ ያልገዛችው ነገር ይኖር ይሆናል፤ ያንንም ብትሰማ ደስ ይለኛል።

ለጓደኛህም ዛሬውኑ ደውልለት፤ በኮንቴይነር ጥድፊያ ውስጥ ሆነህ አትወስን። አመስግነው። ወንበሮቹ አንተ ጋ እንደማይሆኑ፣ ልጆቹ ከኋላ እንደሚቀመጡ ንገረው፤ ሰው ከሆነ ይገባዋል። የሚታጠፍ የስፖርት ወንበር ከነማሰሪያ ብረቱ ለሴሊካ የሚሆን ካገኘ ፎቶውንና የዳሌውን ስፋት በሴንቲሜትር ይላክልህ። ካላገኘ ኮንቴይነሩ ውስጥ በያዘልህ ቦታ ላይ አራት አዳዲስ አሞርዛተር ይላክልህ። ከ20 ዓመት በላይ የቆየች መኪና ነች፤ የድሮዎቹ ደክመው ከሆነ ከወንበሩ ይልቅ ወገብህን የሚደበድቡት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። መካኒክህ አሁን ያሉትን ከመኪናው ሥር ገብቶ ዘይት ማፍሰስ አለማፍሰሳቸውን በአንድ ከሰዓት ሊያይልህ ይችላል።